በረኛ አይቀመጥም

ያን ቀን ርችት ዶማዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ገና ከጠዋቱ ቆሽቷ አርሮ ነበር። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሳይታሰብ ስለምትፈነዳ አገር ምድሩ ርችት ነው የሚላት። እናቷ እንኳ በስሟ የምትጠራት ስትቆጣት ብቻ ነው።

የወጣት ገበሬዎች ማኅበር የሚሰበሰበው ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ አዳራሽ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ፤ ጥጋ ጥጉ ደግሞ እስከ ዛሬ ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል። ግድግዳው ላይ በዘይት ቀለም የተሣሉ ሥዕሎች አሉ። ከፀሐይዋ ሥር ሊቀመንበሩ ይቀመጣል፤ ከበቆሎው ሥር ጸሐፊው፤ ከጎተራው ሥር ገንዘብ ያዡ። ከበሩ በላይ ዶማ ተሥሏል፤ እሱ ሥር እውነተኛ ዶማ ይዞ በረኛው ይቆማል። ልብ በሉ፣ ይቆማል ነው የተባለው። በረኛ አይቀመጥም። በረኛ አይናገርም። ስብሰባው ተጀምሮ እስኪያልቅ ዶማውን በሩ ላይ አጋድሞ ይጠብቃል፤ እሱ ዶማውን ካላነሳ ገቢም ወጪም የለም። ድምፅ ሲሰጥ ደግሞ ማንንም በዓይኑ እንዳያስፈራራ ፊቱን ወደ ደጅ ያዞራል።

ይህን ሁሉ ሥርዓት ያመጣው ማኅበሩን ያቋቋመው የእርሻ ባለሙያ ነው። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ከሄደ ቆይቷል፤ ሥርዓቱ ግን እንደ ሙጃ ሥር ሰዶ ቀርቷል።

ሊቀመንበሩ በእንጨት መዶሻው ጠረጴዛውን መታ።

«ጸሐፊው የት ነው?»

«ከበቆሎው ሥር።»

«ለምን?»

«የተዘራው እንዳይረሳ።»

«ገንዘብ ያዡስ?»

«ከጎተራው ሥር። የተሰበሰበው እንዳይባክን።»

«በረኛዋስ?»

«በሩ ላይ» አለች ርችት፣ ጥርሷን ነክሳ።

«ለምን?»

«የመጣ እንዲገባ፣ የገባ በሰላም እንዲወጣ።»

«እስከ መቼ?»

«ስብሰባው እስኪያልቅ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

አዳራሹ በሙሉ ባንድ አፍ «በረኛዋ እስከቆመች ስብሰባችን ስብሰባ ነው!» ብሎ መለሰ። ሁልጊዜ ይባላል። አባላቱ እንደ ማለዳ ሰላምታ አፋቸው ላይ ለምዶባቸው ነው እንጂ ምን እንዳሉ ቆም ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ስብሰባው ሲያልቅም እንዲሁ ነው። በረኛዋ «ቆሜ ጠብቄአለሁ፤ በሩ ክፍት ነው» ትልና ዶማዋን ታነሳለች፤ ያ ሳይባል የተወሰነ ነገር ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል።

ርችት በረኛ የሆነችው በአፏ ጦስ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ማኅበሩ ውስጥ እንደገባች ስለ ማዳበሪያው ጠየቀች፣ ስለ ዘሩ ጠየቀች፣ የማኅበሩ ትራክተር ለምን የሊቀመንበሩን አጎት ማሳ ሲያርስ እንደሚውል ጠየቀች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በሚቀጥለው ምርጫ ሊቀመንበሩ ራሱ ተነስቶ፣ «እንደዚህ ንቁ የሆነች ልጅ በሩን ብትጠብቅልን ደስ ይለኛል» አለና ጠቆማት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እሷም ደስ ብሏት ነበር፣ ሞኝ! በጭብጨባ አፏን እንደዘጉት የገባት ዶማውን ከተረከበች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያለ ተወዳዳሪ ትመረጣለች።

ዛሬ ግን ጉዳዩ ሌላ ነበር። ከዶማው ወዲያ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር፣ ታናሽ እህቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ነገሩ የሚታይበት ሰው ደጅ ይጠብቃል፤ ይሄም ሥርዓት ነው። የዛሬው ነገር ደግሞ የእሷ ነው። ሦስት ስብሰባ በተከታታይ የቀረ አባል ከማኅበሩ ይሰናበታል፤ ከማኅበሩ ያገኘውን መሬት ከነተከለው ይመልሳል። ታናሿ ሦስት ስብሰባ ቀርታለች። መሬቷ ቦዩ ዳር ያለው ነው፤ ከማኅበሩ መሬት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ላዩ ላይ ያለው ሽንኩርት ቅጠሉ መተኛት ጀምሯል። ሊነቀል ምንም ያህል አልቀረውም።

ለምን ቀረች? እሱን የማያውቅ አዳራሹ ውስጥ የለም። እናታቸው የታጠበ ጆንያ ልትሰቅል በርጩማ ላይ ወጥታ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ተኛች። ሁለቱ እህትማማቾች አልጋዋ ግርጌ ሆነው ተማከሩ። በረኛ ከቀረ ስብሰባ አይጀመርም፤ ስብሰባ ካልተጀመረ ሰው ሁሉ ይረግማቸዋል። ስለዚህ ታላቋ ለስብሰባ ትሂድ፣ ታናሿ እማዬ ዘንድ ትቆይ ተባባሉ። «እትዬ፣ አንቺ ሂጂ። እኔ ብቀር ማን ያየኛል?» ነበር ያለችው። ታናሿ የቀረችው ታላቋ እንዳትቀር ነው። ርችት ይህን ባሰበች ቁጥር የዶማውን እጀታ ጭምቅ ታደርጋለች።

አዩዋት እንጂ! ሊቀመንበሩ ነው ያያት። ከጀርባው ሁሉም ክቡርነቱ ነው የሚለው፤ አብሮት ከብት የጠበቀ ሰው እንኳ በስብሰባ «ክቡር ሊቀመንበር» ካላለ መልስ አያገኝም። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። የክቡርነቱ የሚስት ወንድም በቅርቡ አባል ሆኗል፤ መሬት ግን ገና አልደረሰውም። ይኸው ዛሬ አዲስ አረንጓዴ ሰደርያውን ለብሶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ሙሽራ መስሎ ተቀምጧል።

«ጉዳዩ ቀላል ነው» አለ ክቡርነቱ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ደንቡ ግልጽ ነው። ይህን ማኅበር ማኅበር ያደረገው ባህሉ ነው። ዛሬ ላንዱ ብለን ብናላላው ነገ ምን ይቀረናል? እኔ በግሌ ለልጅቷ በጣም አዝናለሁ።»

አዝናለሁ ሲል አማቹን አየት አደረገው።

ከመሀል አንዱ፣ ትራክተር ነጂው፣ «ኧረ እናቷ ሆስፒታል ነበሩ እኮ» አለ።

«ታዲያ ማስታወቅ ነበረባታ! የነገረኝ ሰው የለም።»

ርችት ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባው ሲያልቅ እዚሁ በር ላይ አስቁማ ነግራዋለች። ሦስቱንም ጊዜ ትከሻዋን ቸብ አድርጎ «ይማርልሽ፣ አይዞሽ» ብሏት ወጥቷል። አሁን ዓይኑን በጨው አጥቦ የነገረኝ የለም ይላል!

«ነግሬህ ነበር!» ብላ ጮኸች። «እዚሁ በር ላይ! ይማርልሽ አላልከኝም? ካድ እስቲ!»

መዶሻው ጠረጴዛውን መታ። «በረኛ አይናገርም።»

«እህቴ ናት እኮ!»

«በረኛ አይናገርም! ሥርዓት ይከበር! ጸሐፊ፣ በረኛዋ የተናገረችው አይመዝገብ።»

ጸሐፊው አልመዘገበም። ንብ አናቢ ነው፤ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ፣ ደንብ ካሉት ገደል የሚገባ ሰው። ርችት ምላሷን ነክሳ ዶማዋን ጨበጥ አደረገች።

ያን ጊዜ ዶሮ አርቢዋ እጇን አወጣች። ርችት ስታያት ልቧ ሌላ ዙር ተቃጠለ፤ በእነሱ መካከል ያለው ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም።

ድሮ ጓደኛሞች ነበሩ፤ አንዷ ያለ አንዷ ገበያ አትወጣም። ያለያያቸው የውሃ ፓምፑ ነው። ባለፈው ዓመት ከላይ ያሉት ማሳዎች ጠጥተው ሳይጠግቡ ከታች ላሉት ውሃ እንዳይለቀቅ የሚል ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። ባንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። የርችት ማሳ ከታች ነው። ያን በጋ ቲማቲሟ አበባውን እንደያዘ ዓይኗ እያየ ደረቀ። ርችት ያቺን አንዲት ድምፅ የሰጠውን ሰው ያልፈለገችበት ቦታ የለም። በየቤቱ እየዞረች አንተ ቆመሃል፣ አንቺ ተቀምጠሻል እያለች ጠየቀች፣ በጣቷ ደመረች፣ በጠጠር አሰላች። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድላታል። ቆምኩ ብሎ የማያምን አንድ ሰው አለ ማለት ነው። እዚያው ሰው ፊት «የቆመበት እግሩ ይሰበር! ቄጤማ ይሁን!» ብላ ረገመች። በመጨረሻ ዶሮ አርቢዋ ላይ ጣቷን ቀሰረች፤ ማሳዋ ከላይ ነዋ። ዶሮ አርቢዋ ተቀምጬ ነበር ብላ ማለች፣ ተገዘተች፣ አለቀሰች። ርችት አላመነቻትም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

እንግዲህ ይቺው ዶሮ አርቢ ናት አሁን ተነስታ የምትናገረው።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ልጅቷ ከስብሰባ ቀርታለች፤ ይሁን። ከማሳዋ ግን ቀርታ ታውቃለች? ስታስታምም አድራ ጠዋት ቦዩ ዳር ስትኮተኩት እኔ ለዶሮዎቼ ውሃ ስቀዳ አያታለሁ። ወንበር ስናሞቅ የከረምነው እኛ ነን። ከስብሰባ ቀርቶ የማያውቀውን ሰው ማሳ ደግሞ ሄዳችሁ እዩት፤ አረሙ ሰው ያህላል!»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ከስብሰባ ቀርቶ የማያውቀው ክቡርነቱ ራሱ እንደሆነ ለማንም አልጠፋውም። ርችት ግን አልሳቀችም። ይቺ ሴት ለምን ለእኔ እህት ትሟገታለች? ኅሊናዋ ወግቷት ነው፤ የፓምፑን ዕዳ ልትከፍል ነው፤ አለች በሆዷ። ቂም ሲይዝ እንዲህ ነው፤ ደግ ነገር እንኳ ሲያይ ጠምዝዞ ነው የሚያየው።

ክቡርነቱ ፊቱ ቀልቶ መዶሻውን አነሳ። «ይበቃል! ወደ ድምፅ እንሂድ። ልጅቷ ትሰናበት የሚል ይነሳ። አትሰናበት የሚል ይቀመጥ። በረኛዋ ፊቷን ወደ ደጅ ታዙር።»

ርችት ዞረች። ፊት ለፊቷ ታናሿ ናት። ከጀርባዋ የወንበር እግር ሲሚንቶ ላይ ሲንጫጫ ሰማች። አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ተነሳ፣ ሌላው ደግሞ ግማሽ ተነስቶ ያመነታ ይመስላል፤ ክቡርነቱ ዘርና ማዳበሪያ ሲያከፋፍል ማን ቆሞ ማን እንደተቀመጠ አይረሳም። ታናሿ ከድንጋዩ ላይ ቀና ብላ እህቷን በዓይኗ ጠየቀቻት። ርችት ምን ትመልስላት? አይዞሽ ልትላት ፈለገች፤ በረኛ አይናገርም። ጸሐፊው በወንበሮቹ መሀል እየዞረ ሲቆጥር ድምፁ ይሰማታል።

«የቆመ አሥራ አንድ፤ የተቀመጠ አሥር» አለ ጸሐፊው። «ውሳኔው አልፏል።»

መዶሻው መታ። ታናሿ ሰማች። ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ ፊቷን ሸፈነችበት።

ርችት ዞረች። የቆሙት ገና አልተቀመጡም ነበር፤ ዞራ አየቻቸው። አራት ዓመት ሙሉ በረኛ ስትሆን ሰዎች ለድምፅ ቆመው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ዶሮ አርቢዋን ነበር በዓይኗ የፈለገችው። አገኘቻት፤ ተቀምጣለች። እጇን አጣጥፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ወንበሩ ላይ የተሰፋች ይመስል ቁጭ ብላለች። ርችት ከዚያ የቆሙትን መቁጠር ጀመረች። አንዴ ቆጠረች። ደገመች።

«አሥር ናቸው!»

«በረኛ አይ…»

«በረኛህን ተወኝ አንተ ሰውዬ! አሥር ናቸው እያልኩህ ነው! አሥር ለአሥር! እኩል ከመጣ ነገሩ ይወድቃል፤ ያንንም ደንብ ልንገርህ? ማንም እንዳይቀመጥ! ጸሐፊ፣ እስቲ ና ዓይኔ እያየ ቁጠር!»

የቆሙት ለመቀመጥ አፈሩ። ጸሐፊው ተከፋ፤ ቆጠራውን ሲጠራጠሩበት ንቡን የሰረቁት ያህል ነው የሚቆጨው።

«እኔ ተሳስቼ አላውቅም» አለ። «ይኸው እያየሽ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» በጣቱ እየጠቆመ ሄደ፤ ፊተኛው ወንበር ጋ ሲደርስ አማችየውን «አሥር» ብሎ ቆጠረና ጣቱን ወደ በሩ ዘረጋ። «በረኛዋ፣ አሥራ አንድ።»

«ማን?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ ምን?»

«ቆመሻል እኮ» አለ ጸሐፊው፣ ግራ ገብቶት። «የቆመ ይቆጠራል። ደንቡ እንደሱ ነው። ሁልጊዜም እቆጥርሻለሁ።»

ቆርቆሮው ላይ የምትረግጥ እርግብ እንኳ ትሰማ ነበር።

«ሁልጊዜ?» አለች ርችት ቀስ ብላ። የሚያውቋት ሰዎች ቀስ ብላ ስትናገር ነው የሚፈሯት። «አንተስ? አንተ ቆመህ አይደል እንዴ የምትቆጥረው?»

«እኔማ ቆጣሪ ነኝ። ቆጣሪ ራሱን አይቆጥርም።»

«በረኛ ግን ይቆጠራል።»

«ይቆጠራል። ማንም አትቁጠር አላለኝም።»

ያን ጊዜ ነው ፓምፑ ትዝ ያላት። አንድ ሰው ጎደለብኝ እያለች የዞረችበት ደጃፍ ሁሉ፣ የደመረችው ጠጠር ሁሉ። ቆምኩ ብሎ የማያምነው ሰው፣ እግሩ ይሰበር የተባለው ሰው፣ እሷ ራሷ ነበረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የርችት እግር ግን ለባለቤቱ ባዳም አልሆነ፣ ደመኛ ነው የሆነው። የገዛ ቲማቲሟን አድርቋል። የገዛ ጓደኛዋን አስቀይሟታል። ዛሬ ደግሞ የገዛ እህቷን መሬት ነጥቆ ለዚያ ፀጉሩን ለተቆረጠ ሙሽራ ሊሰጥ ነው!

ክቡርነቱን አየችው። ክቡርነቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመዶሻ ዳና በአውራ ጣቱ ያሻሽ ነበር፤ ቀና አላለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቢደነግጥ፣ ቢገረም፣ «እንዴት እንዲህ ይሆናል?» ቢል ኖሮ ይሻል ነበር። አልተገረመም። ያውቅ ነበር! አራት ዓመት ሙሉ በጭብጨባ ያስመረጣት አፏን ሊዘጋ ብቻ አልነበረም። አፏን ዘግቶ እግሯን ሊጠቀምበት ነው።

ሰው ሁሉ ልትፈነዳ ነው ብሎ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፤ ትራክተር ነጂው እንኳ ዶማው እጇ ላይ መሆኑን አይቶ ወንበሩን ትንሽ ሸሸት አደረገ። እሷ ግን አልፈነዳችም። ጀርባዋን የበሩ መቃን ላይ አስደገፈች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፤ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። እግሮቿን ዘርግታ ዶማውን በበሩ ስፋት ጭኗ ላይ አጋደመችው።

«አሁን ቁጠረኝ» አለች ጸሐፊውን።

«ተነሺ!» አለ ክቡርነቱ።

«አልነሳም።»

«በረኛ አይቀመጥም!»

«ይኸው ተቀመጠ።»

«የስብሰባውን ክብር እያዋረድሽ ነው! ባህላችንን እያፈረስሽ ነው!»

«ባህልህ እግሬ ላይ ነው የቆመው፤ ደከመኝ!» አለች። አሁን ድምፁ መጣላት። «እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ እኔ እዚህ ቆምኩልህ! እህቴ የእኔን ተራ ጭምር ስታስታምም እኔ ቆምኩልህ! አፌን ዘግቼ ቆምኩልህ! አንተ በቆምኩበት እህቴን ትቀብርብኛለህ? አንተን ብሎ ክቡር! ሐፍረት የሚባል አልፈጠረብህም?»

ክቡርነቱ ጠረጴዛውን በመዶሻ ደበደበው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ፤ ማን ቆጠረለት።

ትራክተር ነጂው ራሱን አከከ። «ቆይ ግን» አለ፣ «‹በረኛዋ እስከቆመች ስብሰባችን ስብሰባ ነው› አይደል የምንለው? እሷ ከተቀመጠችማ… አሁን ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥራ ፈት ጉባኤ ነዋ» አለ አንዱ ከኋላ።

ሰው ሊስቅ ነበር፤ ግን ከቆሙት አንዱ፣ ማሳው ከርችት ማሳ በታች ያለው ሰው፣ ፊቱ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ተናገረ። «እኔ የፓምፑ ጊዜ ተቀምጬ ነበር። በቆሎዬ ዘንጉ ሳይፋፋ ነው የነደደው። ይሄ ማለት ያኔም እኩል ለእኩል ነበር ማለት ነው? ያኔም ወድቆ ነበር ማለት ነው?» ጸሐፊውን አየው። ጸሐፊው ወደ ጣሪያው አየ፤ በልቡ ደመረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ተቀመጠ። ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸ። ከጎኑ ያለችውም ተቀመጠች። ከዚያ የቆሙት ሁሉ አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳያዩ፣ ተቀመጡ።

ዶሮ አርቢዋ ከቦታዋ ተነስታ ወደ በሩ መጣች። ርችት ዓይኗን ማንሳት አቃታት።

«እግርሽ ይሰበር ብለሽኛል» አለች ዶሮ አርቢዋ።

«ራሴን ነበር ለካ።»

«እንኳንም አልሰመረ። ዳሌ የተሰበረባት ሴት ለአንድ ቤት ትበቃለች።» ይህን ብላ ሳትጋበዝ ከዶማው ወዲህ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። «ግን አልረሳሁልሽም፤ እንዳይመስልሽ። ዓመት ሙሉ እንቁላሌን ለብቻዬ ተሸክሜ ነው ገበያ የወጣሁት።»

«አትርሺልኝ» አለች ርችት።

ክቡርነቱ ይህን ሁሉ ሲያይ ብው ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ከፀሐይዋ ሥር ቆሞ መዶሻውን ወደ በሩ ቀሰረ። «በረኛዋ ሥራዋን ጥላለች! ስለዚህ ሌላ በረኛ አሁኑኑ ይመረጣል። አማቼ… ማለቴ አዲሱ አባላችን ዶማውን ይረከብ። የሚደግፍ ይነሳ!»

አማችየው ከወንበሩ ከፍ አለ። ቀኝ ግራውን አየ። ሌላ የተነሳ የለም። ወደ በሩ አየ፤ ርችት ዶማውን ጭኗ ላይ ይዛ ዓይኗን ተክላበታለች። ሰደርያውን አስተካክሎ ቀስ ብሎ ተመልሶ ቁጭ አለ።

«የሚደግፍ ይነሳ አልኩ እኮ!»

ጸሐፊው እንደ ልማዱ እየዞረ ቆጠረ። ከኋላ ወንበሮች ጀምሮ ወደ ፊት መጣ፤ ጣቱን ዘርግቶ ሁሉንም ዳሰሰ፤ በመጨረሻ ፀሐይዋ ሥር ደርሶ ቆመ።

«የቆመ፣ አንድ።»

«ማን ነው እሱ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ሊቀመንበር ነኝ! ሊቀመንበር ድምፅ አይሰጥም! እኔን አትቁጠር!»

«ቆመዋል እኮ» አለ ጸሐፊው። «የቆመ ይቆጠራል።»

ይህን የተናገረው ሊያላግጥ አይደለም፤ ሰውየው ማላገጥ አያውቅም። ለዚህም ነው ሰዉ እንዲያ የሳቀው። የክቡርነቱ አንገት እስከ ጆሮው ደም ለበሰ። ወደ በሩ ሄዶ ጥሏቸው ሊወጣ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ዶማው ግን በሩ ላይ ተጋድሟል፤ በረኛ ሳያነሳው ዶማ የተሻገረ ከማኅበሩ ይሰናበታል የሚለውን ደንብ በዓመቱ መጀመሪያ ጮኾ ያስነበበው እሱ ራሱ ነው። ቆመ። ቢቆም ይቆጠራል። መሄጃ ሲያጣ ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ።

«የቆመ የለም» አለ ጸሐፊው፤ ከዚያ ቆጣሪም ቢሆን እግሩን አላመነውም መሰለኝ፣ እሱም ፈጠን ብሎ ቁጭ አለ።

ታናሿ ሻርፗን ከፊቷ ላይ ገለጠች። «እትዬ፣ ምን ተባለ?»

«ገና ምንም አልተባለም። ተነሺ ከዚያ ድንጋይ፤ ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ።»

«የኔ ነገር ሲታይ ደጅ ነው የምጠብቀው እኮ።»

«ደፍ ላይ ያለ ደጅም አይደል፣ ውስጥም አይደል። ነይ ስልሽ!»

ታናሿ መጥታ ደፉ ላይ ተጠጋቻት። እጇ የሽንኩርት አፈር እንደያዘ ነው፤ ጠዋት ስትጠራ ማሳ ላይ ነበረች። ርችት ያንን እጅ ይዛ ጉልበቷ ላይ አደረገችውና ወደ አዳራሹ ዞረች። ንዴቷ አልበረደም። እንዲያውም አሁን ገና ቦታውን አግኝቶ መቀመጡ ነበር።

«ዛሬ ዶማ አይነሳም» አለች። «ማንም አይወጣም። ‹ቆሜ ጠብቄአለሁ› የሚለውን ቃል ከእኔ አፍ የሚሰማ ሰው የለም፤ ቆሜማ የደረሰብኝን አይቼዋለሁ። ጸሐፊ፣ በረኛዋ የምትናገረውን አሁን መዝግብ። አራት ዓመት ነው የተጠራቀመው።»

ጸሐፊው ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ መዶሻውን አየ። መዶሻው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ የሚያነሳው አላገኘም።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሳ።

«ከፓምፑ እንጀምር» አለች ርችት።